የጫልቱ ረጅም ክር

ሥራ የገባሁ ቀን ካቦ ደሳለኝ ስሜን ሳይጠይቁ አንድ ክንድ ክር ሰጡኝ። «በጥሰሽ ቋጥሪው» አሉኝ። በጠስኩ፣ ቋጠርኩ። በጣታቸው ዳሰሱትና «ይሄ የአህያ ጭነት ነው» ብለው መልሰው በጠሱት። ስንት ጊዜ እንዳስቋጠሩኝ አላስታውስም። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በሁለት ጣታቸው መሀል ሳቡት፤ ቋጠሮው ሳይታወቃቸው አለፈ። ያን ጊዜ ነው «ስምሽ ማን ነው?» ያሉኝ።

አስካለ አልኳቸው። «ፀጉርሽን በሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ አስካለ፤ ቺንጋው ፀጉር ከያዘ አይለቅም» አሉኝና ወደ ሽመና ክፍል አስገቡኝ። ቺንጋ የሚባለው ጣሪያው ሥር ካለው ዘንግ ወርዶ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የቆዳ ቀበቶ ነው። በሩ ሲከፈት ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ሲያናግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፁ አይሰማኝም ነበር።

ይሄ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከፋብሪካው ከወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያኔ ዘመንን የምቆጥረው በልጆቼ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ጡት ባስጣልኩ ዓመት ገባሁ። አቃቂ ከባቡር ጣቢያው፣ ከፋብሪካዎቹና ከወንዙ ሌላ ብዙ ነገር አልነበራትም። ዛሬ ቃሊቲ መጋዘንና የጭነት መኪና የሞላበት መሬት ጤፍ ይዘራበት ነበር። ከቀለም ክፍሉ በታች ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ልጆቻችን ውሃውን አይተው እናቶቻቸው ምን እየሠሩ እንደዋሉ ይገምቱ ነበር። ከነገሬ ወጣሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። በቁመቱ የተወጠረው ክር ድር ይባላል፤ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ማግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲበጠስ ማሽኑን አቁሞ መቋጠር፣ መልሶ ማስነሳት። ለአንዲት ሴት አራት ማሽን ነበር። ቶሎ ካላቆምሽው አቡጀዲው ቀዳዳ ይዞ ይወጣል፤ ብዙ ካቆምሽው ደግሞ የቀኑ ጣቃ ይጎድላል። ማሽን ሲሠራ ሰው አይፈልግም። ሰው የሚፈልገው ሲቆም ነው።

ከእኛ ውስጥ ማንበብ የምትችል አንዲት ሴት ብትገኝ ነው። ስለዚህ ካቦ ደሳለኝ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዳችን አንድ ሚስማር አለ። ሰኞ ጠዋት በየሚስማሩ ክር ያንጠለጥሉልናል። ማሽን በቆመ ቁጥር ክራችን ላይ እንቋጥራለን፤ ድር ከሆነ ነጠላ፣ ማግ ከሆነ ድርብ፣ ማሽኑ ራሱ ካመመው ብጣሽ ጨርቅ። የጠዋቱን ከላይ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ከታች። ክሩ ካለቀባት ሌላ ክር ትቀጥልበታለች።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት ካቦውና የክፍሉ መካኒክ፣ አንድ ጣሊያን፣ በየሚስማሩ ይዞራሉ። ካቦው ክሩን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው ያሳልፉታል፤ መካኒኩ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠብቃል። ቋጠሮ የበዛባትን አይቆጧትም። የሚቆጧት ክሯ ባዶ የሆነውን ነው። እኔን ብዙ ጊዜ «አስካለ፣ ማሽኖችሽ ገነት ገብተዋል መሰለኝ፤ ምንም አያማቸውም» ይሉኝ ነበር። ሴቱ ሁሉ ይስቅብኛል። ስንፍና ነው፤ ሦስቴ ሲቆምብኝ አንዴ ነበር የምቋጥረው።

ከሁሉም ረጅሙ ክር የጫልቱ ነበር። ጫልቱ ከኔ ቀጥሎ ባለው መደዳ የምትሠራ፣ ከወንዙ ማዶ የገበሬ ልጅ፣ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆችና እናቷን የምታሳድር ሴት ናት። እሷ ማሽን ሲቆም ብቻ አይደለም የምትቋጥረው፤ ድምፁ ሲለወጥ፣ መወርወሪያው ሲሞቅ፣ ክሩ ሳይበጠስ ሲሻክርም ምልክት ታደርጋለች። ክሯ ከሚስማሩ ወርዶ ወለሉን ይነካ ነበር። «ጫልቱ፣ ለማሽኑ ክታብ እያሰርሽለት ነው?» እያልን እንቀልድባት ነበር። «እናንተ ሲሞት ታለቅሳላችሁ፤ እኔ ሲያስነጥሰው ነው የምናገረው» ትለናለች።

አንድ በጋ ካቦው የሁላችንንም ክር ሲዳስሱ ቋጠሮው ከታች ከታች በዛባቸው። ከምሳ በኋላ ምን አለ ብለው ጠየቁ። ሌላው ዝም ሲል ጫልቱ ነፋሱ አለች፤ ከሰዓት ላይ በትልቁ በር የሚገባው ደረቅ ነፋስ ድሩን እንደ ገለባ ያደርገዋል። ሰኞ በሩ ላይ በውሃ የራሰ ጆንያ ተሰቀለ፣ ወለሉም ከምሳ በኋላ ውሃ ይረጭ ጀመር። መበጠሱ ቀነሰ። ሌላ ጊዜ መወርወሪያው የሚመታበት እንጨት ላይ የፍየል ቆዳ ተለጠፈ። ሌላ ጊዜ አንድ ብሎን ጠበቀ። እያንዳንዱ ለሰው ቢነግሩት የሚያስቅ ነገር ነው። ነገር ግን እንግሊዝ አገር አርጅተው የመጡት ማሽኖች በዚያ ክፍል ከዓመት ዓመት እየተሻላቸው ሄዱ።

ደግሞ ይሄም ይነገር፤ መሻሻሉ ወሰን ነበረው። ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው የስልጤ ነጋዴ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ አቡጀዲ ለካቦው አሳያቸው። ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮ የለበትም፣ ስፋቱም ከኛው ይበልጣል። ካቦው ጨርቁን በፀሐይ ዘርግተው ብዙ ቆዩ። በነጋታው ለመካኒኩ ሲነግሩት ሰማሁ፤ «ይሄንን በብሎንና በፍየል ቆዳ አንደርስበትም። አዲስ ማሽን ያስፈልገናል» አሉ። ስለዚህ እሳቸው አዲስ ነገር ይጠሉ ነበር የሚል ሰው ካለ ውሸት ነው።

አዲሶቹ ማሽኖች ከጅቡቲ በባቡር መጡ። ሳጥናቸው ቤት ያህላል። አብሯቸው ኢንጂነር ሰሎሞን መጣ፤ ውጭ አገር የተማረ፣ ጨዋ፣ ለኛ ለሴቶቹ እንኳ ከመቀመጫው የሚነሳ ወጣት። አንዲት ሴት አሥራ ስድስቱን ትጠብቃለች፤ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል አለን። አጨበጨብን። የቀሩት አሥራ ሁለት ማሽኖች የማን እንደነበሩ ያሰበ አልነበረም።

ካቦ ደሳለኝ ከኢንጂነሩ ጋር የተከራከሩት እዚያው መደዳው መሀል ቆመው ነው። ስድስቱን ብቻ ጥጉ ላይ እንትከል፤ አሮጌዎቹ ይሥሩ፤ ሴቶቹ አንድ በጋና አንድ ክረምት በአዲሶቹ ላይ ክር ይቋጥሩ፤ የኛ ፈትል ይስማማቸው እንደሆነ እንየው፤ ከዚያ የቀረውን ትተክላለህ አሉት። ኢንጂነሩ በትሕትና ሰማቸው። ባለድርሻዎቹ አንድ በጋና አንድ ክረምት አይጠብቁም አለ። ቀጥሎም ሳቅ ብሎ እንዲህ አላቸው፦

«ጋሽ ደሳለኝ፣ በቅሎን ሃያ ዓመት ጫማ ቢቀያይሩላት መኪና አትሆንም።»

«አትሆንም» አሉት። «አንተ ግን መኪናው ሳይነሳ በቅሎዋን ልታርድ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ኢንጂነሩም ሳቀ። በሳምንቱ ካቦ ደሳለኝ ወደ መጋዘን ተዛወሩ፤ አክብረዋቸው ነው ተባለ። ጣሊያኑም አብሮ ተሰናበተ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ተፈተው በጋሪ ወጡ፤ የብረት ማቅለጫ ገዛቸው አሉ። የራሰው ጆንያም ከበሩ ወረደ፤ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልመጣ ነው። ብዙ ዘመን ለማንም ሳልናገረው ኖሬያለሁ።

ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ መሰናበታቸው ታውቋል። ማን እንደሚቀር ግን አልተወሰነም። አንድ ዓርብ ኢንጂነሩ በክፍሉ ሲያልፍ፣ ከአሮጌዎቹ ማሽኖች የመጨረሻ ሳምንት በየሚስማሩ ተንጠልጥለው የቀሩት ክሮች ላይ ዓይኑ አረፈ። እዚያ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ይሄ ምንድን ነው አስካለ?» አለኝ። ስሜን ማወቁ ደስ አለኝ።

«ማሽን የቆመበት ነው ጌታዬ። አንዱ ቋጠሮ አንድ መቆም ነው» አልኩት።

«የየትኛዋ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ አልኩት። አውርጂልኝ አለኝ። አንድ በአንድ ከሚስማሩ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ይቺ የእከሊት፣ ይቺ የእከሊት እያልኩ። እሱ በማስመሪያ እየለካ ይጽፋል። የጫልቱን ስዘረጋለት ከጠረጴዛው ወርዶ ተንጠለጠለ። ኢንጂነሩ በአፉ ፉጨት ብጤ አሰማ። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ። «የጫልቱ ናት» አልኩት። ያን ሰዓት «ብዙ የምትቋጥረው ብዙ ስለምታይ ነው» ማለት ነበረብኝ። አልታወቀኝም ልል አልችልም። እጁ የጫልቱን ክር አልፎ የኔን አጭር ክር አነሳና «ጎበዝ» አለኝ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው በር ላይ ስም ጠራ። የተጠራችው ትወጣለች፣ ያልተጠራችው ትገባለች። መጀመሪያ የተጠራችው ጫልቱ ናት። ከእሷ በኋላ ክራቸው የረዘመው ሁሉ በተራ ተጠሩ። ጫልቱ ስህተት ነው ብላ ከበሩ አልራቀችም፤ እስከ ምሳ ድረስ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ቆመች። እኔ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ጭንቀቱ ሲበዛብኝ መጋዘን ሄጄ ለካቦ ደሳለኝ ነገርኳቸው። የሚቆጥሩትን ጣቃ አስቀመጡ። ከዚያ «ሄደሽ ንገሪው። እኔ ብሄድ ለራሴ ቦታ የምሟገት ይመስለዋል። አንቺ ግን የቀረሽው ነሽ፤ ይሰማሻል። የተሰናበቱት ስማቸው ከመዝገብ ሳይሰረዝ ቶሎ» አሉኝ።

ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። መንገድ ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ኢንጂነሩ ሲወጣ አየኝና በፈገግታ «አስካለ፣ አዲሱ ማሽን ተስማማሽ?» አለኝ።

«ተስማማኝ ጌታዬ» አልኩት። ተመለስኩ።

ብነግረው ደግሞ የኔ ክር ለምን እንዳጠረ ይጠይቀኛል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አዲሶቹ ማሽኖች ክረምቱን ደህና አሳለፉ። ጨርቁ ያ የባሕር ማዶው ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ የስልጤው ነጋዴ ራሱ መጥቶ ገዛ። ኢንጂነሩ ልክ ነበር ብለን አወራን። ከጥቅምት በኋላ ነፋሱ ጀመረ። ድሩ ይበጠስ ገባ። ማሽኖቹ እንደተባለው ራሳቸው ይቆማሉ፤ አንዱን አስነስተሽ ሳትዞሪ ሦስቱ ቆመው ይጠብቁሻል። አሥራ ስድስት ማሽን ለአንድ ሰው ብዙ ነው። የኛ ፈትል ለዚያ ፍጥነት የተሠራ አልነበረም፤ ፈትል ክፍሉን የነካው የለምና።

የራሰውን ጆንያ የምናስታውስ ነበርን። ነገር ግን የቀረነው ሴቶች ምን ዓይነት እንደሆንን አስቡት። አጭር ክር የነበረን ነን፤ ወይ የማናይ፣ ወይ አይተን የማንናገር። የተናገሩት ደግሞ የት እንደደረሱ በዓይናችን አይተናል። ኢንጂነሩ እየዞረ ምን ሆነ ይለናል። አላወቅንም ጌታዬ እንለዋለን። ከውጭ ሰው አስመጣ፤ ሰውየው ማሽኖቹን ከፍቶ ዘጋና ደህና ናቸው ብሎ ሄደ። ኢንጂነሩ ከሳ፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፋ።

አንድ ቀን ከቆሙት ማሽኖች መሀል ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «አስካለ፣ የድሮው ክፍል በበጋ ምን ያደርግ ነበር?» አለኝ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ነፋሱን፣ ጆንያውን፣ ክሮቹን፣ ረጅሙ ክር የማን ሥራ እንደነበረና አጭሩ የማን እንደነበረ። አልተቆጣም። ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። «ይሄንን ያኔ ብትነግሪኝ» አለና ተወው። ቆይቶ «ጫልቱን አምጪልኝ» አለኝ።

ጫልቱን ገበያ ላይ ኩበት ስትሸጥ አገኘኋት። ትልቁ ልጇ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከአጎቱ ጋር ከብት ይጠብቃል። ተሳሳምን። ኢንጂነሩ ይፈልግሻል አልኳት።

«ለምን?»

«ማሽኑ ይቆማል። ምን እንደሆነ የሚነግረው አጣ።»

ኩበቱን መደርደሯን አልተወችም። «ክሮቹን ከሚስማሩ ያወረደቻቸው አስካለ ናት ይላሉ» አለችኝ፣ ሌላ ሴት የምታማ ይመስል።

«እኔ ነኝ።»

«የኔን ስታሳዪው ምን አልሽው?»

«የጫልቱ ናት አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላልኩም።»

ራሷን ነቀነቀች። አንድ ሴት መጥታ ዋጋ ጠየቀቻት፤ መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ ሂጂ አስካልዬ፣ ፈረቃሽ እንዳያልፍሽ» አለችኝ። አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ሰላም ትለኛለች፤ የልጆቼን ደህንነት ትጠይቀኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢንጂነሩ ሚስማሮቹን በራሱ እጅ መታ። አዲስ ነጭ ክር አንጠለጠለልን። ሰበሰበንና በዚህ ክር ምክንያት የምትሰናበት ሴት የለችም፣ በእናቴ ስም እምላለሁ አለን። እውነቱን ነበር፤ ፊቱ ያስታውቃል። ቅዳሜ ሲሆን ካቦ ደሳለኝን ከመጋዘን አስጠርቶ ከእሱ ጋር እንዲዞሩ ለመናቸው።

ካቦው እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ክር በሁለት ጣታቸው ሳቡት። ምንም አልነካቸውም። ሁለተኛውን ሳቡ፣ ሦስተኛውን። ከኋላቸው ስምንት ማሽኖች ቆመዋል። የኔ ሚስማር ጋ ደረሱ። ያን ሳምንት ስንት ጊዜ እጄን ወደ ክሩ ሰድጄ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ክሬን ከላይ እስከ ታች ሳቡት፤ ለስላሳ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ። አልቀለዱብኝም። ወደ ኢንጂነሩ ዞረው ቀስ ብለው «ማሽኖችህ ገነት ገብተዋል» አሉት።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ በሌላውም ባዶ ነበር። ከማሽኖቹ ግማሹ ሸራ ለበሱ። ኢንጂነሩ ፈትል ክፍሉን እናድስ ቢል ባለድርሻዎቹ አንዴ አድሰናል ብለው እምቢ አሉት። እሱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ካቦ ደሳለኝ ጡረታ ወጡ። ያሰናበቷቸውን ለማስመለስ ያሰበ አልነበረም፤ አሮጌዎቹን ማሽኖችም ማቅለጫው በልቷቸዋል። እኔ ሁለተኛዋን ልጄን እስክድር ሠራሁ። ጫልቱ ከሞተች ቆየች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ቆምኩ።

ይሄንን እንድጽፍ ያደረገችኝ የልጅ ልጄ ናት። ኮዬ ፈጬ ካለው ኮንዶሚኒየም እየተመላለሰች ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። አዲስ ማሽን ሊገባላቸው ነው። በር ላይ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብላ ሳቀች። ለምን ባዶ ሆነ አልኳት። «አያቴ፣ መጀመሪያ የጻፈችው ልጅ አሁን የለችማ» አለችኝ።

አዲስ ማሽን አታስገቡ አልልም፤ የፍየል ቆዳ የማይደርስበት ቦታ አለ። ስታስገቡ ግን አሮጌውን በአንድ ቀን አታውጡ፤ አዲሱ ጥጉ ላይ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይታይ። ጉድለት የምትነግራችሁን ሴት በነገረቻችሁ ጉድለት አትለኳት። አንዴ ከለካችኋት የቀሩት አይነግሯችሁም፤ ብትምሉላቸውም አይነግሯችሁም። እኔም አልነገርኩም።